የአዲስ መኪና ዋስትናና የማስረዳት ሸክም፦ ከራሴ ዶሴ የተነሣ ገለጻ



ለዛሬው መድረክ ርእስ እንድመርጥ በተጠየቅሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቤ ስለ ሽያጭ ውል ጠቅላላ መርሖች መናገር ነበር። ሐሳቤን የለወጥሁት ከቤቴ መሳቢያ አንድ ዶሴ ሳወጣ ነው። በውስጡ የአንዲት መኪና የግዢ ውል፣ ሁለት የሰርቪስ ካርዶች፣ ከሻጩ ኩባንያ የመጣ የእምቢታ ደብዳቤ፣ ለዚያ የሰጠሁት መልስና ከስልክ ላይ የታተመ አንድ አጭር መልእክት ይገኛሉ። የሽያጭ ሕግን ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ዶሴውን የሚያይ ሰው ግን ባለቤቱ የሕግ መምህር ነው ብሎ የሚገምት አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን፣ አሮጌዋን መኪናችንን ሸጠን፣ የጎደለውን ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን ተበድረን አዲስ መኪና ገዛን። ከዚያ በፊት የያዝናቸው ሁሉ ከሌላ እጅ የወጡ ስለነበሩ ከጋራዥ ጋራዥ መንከራተቱ ሰልችቶን ነበር። ስለዚህ በአሮጌና በአዲስ መኪና መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የከፈልነው ለቀለሟ ሳይሆን ለዋስትናዋ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፦ ሁለት ዓመት ወይም 50,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ የቀደመው።

ጥር ላይ መኪናዋ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስታልፍ መንገጫገጭ ጀመረች። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ በመሆኑ ከእጄም ሆነ ከእግሬ ጋር የሚያያዝ ነገር አልነበረም። የካቲት ላይ ለመጀመሪያው ሰርቪስ ስወስዳት ለተቀባዩ ወጣት ነገርሁት። እርሱም በትሕትና «ዶክተር፣ አያስቡ፤ አዲስ ስለሆነች ነው፤ እየተነዳች ስትሄድ ትለሰልሳለች» አለኝ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን «ዘይትና ፊልትሮ ቅየራ» ብቻ ነበር። ፈረምሁ። ሰኔ ላይ ተቀባዩ ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት፤ እንደ አዲስ ነገርሁት፣ እርሱም እንደ አዲስ አጽናናኝ። አሁንም ፈረምሁ።

ቀጥሎ የምናገረውን ብደብቀው ክርክሬ ያምራል፤ ነገር ግን እውነቱ ይጎድላል። በነሐሴ ወር አንድ ምሽት በከባድ ዝናብ መንገዱን በሸፈነ ጎርፍ ውስጥ ነዳሁ። ውሃው የጎማውን ግማሽ አልፎ ነበር፤ ከኋላዬ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ነበር። መኪናዋ አልቆመችም። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ግን ባለቤቴን ከሥራዋ ይዤ ስመለስ ዳገት ላይ ማርሽ አልይዝ አለች። በክሬን ተጭና ወደ ኩባንያው ጋራዥ ገባች።

ካምቢዮው ሲፈታ ዘይቱ ወተት መስሎ ተገኘ። ይህ ውሃ የገባበት ዘይት ምልክት ነው። ካምቢዮ ከላይ መተንፈሻ አለው፤ የጋለው ካምቢዮ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃን ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። መካኒኩ ይህን ሲያስረዳኝ አላታለለኝም። ከሳምንት በኋላ የኩባንያው ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ጉዳቱ በባለቤቱ አያያዝ የደረሰ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም። ሁለተኛ፣ ገዢው ከዚህ በፊት ጉድለት አይቶ ስለማሳወቁ በሰርቪስ መዝገቡ ላይ ምንም ነገር የለም፤ ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2292 መሠረት መብቱን ሊጠይቅ አይችልም።

ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን ፊርማ አወቅሁት። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በሽያጭ ሕግ ያገኘውን ውጤት አልነግራችሁም፤ ጥሩ ውጤት ነበር። በማግስቱ ደውሎ «መምህር፣ እባክዎን አይቀየሙኝ፤ ሥራ ሆኖብኝ ነው» አለኝ። አልተቀየምሁም። ይልቁንስ ያስጨነቀኝ የጻፈው ነገር ግማሹ ትክክል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ቁጥር 2289 ደግሞ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት ይላል። ከተማ ውስጥ ስትነዳ የምትንገጫገጭ አዲስ መኪና በዚህ ሥር መውደቋ አያከራክርም። በአንጻሩም ገዢው ዕድል እንዳገኘ ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ሕጉ ለማሳወቂያው የተለየ ቅርጽ አላስቀመጠለትም፤ በቃል የተነገረም ማሳወቂያ ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈው ነበር። አንድ ነገር ሕጋዊ ውጤት አለው ማለትና ያ ነገር መፈጸሙን ማስረዳት ይቻላል ማለት ምን ያህል የተራራቁ መሆናቸውን የተረዳሁት ግን እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተናግሬ፣ ሁለት ጊዜ ባዶ ካርድ ላይ ከፈረምሁ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንዲችል አድርጓል። ለጫማና ለብረት ምጣድ መልካም ድንጋጌ ነው። ሕመሙን በሦስተኛው ወር ለሚገልጥ ካምቢዮ ግን ብዙም አይረዳም።

እዚህ ላይ አንድ የውጭ ፍርድ ላንሣ፤ ከእኛ ሕግ ጋር በዘመን የተገጣጠመ ስለሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ክላውስ ሄኒንግሰን የተባለ ሰው በ1955 እ.ኤ.አ. ለባለቤቱ ለሄለን ስጦታ የሚሆን ፕሊማውዝ መኪና ገዛ። ከተረከባት በአሥር ቀኗ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ተነድታ ሳለች፣ መሪው ከወይዘሮዋ ቁጥጥር ወጣና መኪናዋ ከግንብ ጋር ተጋጨች። በግዢ ውሉ ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ዋስትናው ለ90 ቀን ወይም ለ4,000 ማይል ሆኖ ጉድለት ያለበትን ክፍል ከመተካት በቀር አምራቹም ሆነ ሻጩ ለሌላ ነገር እንደማይጠየቁ ተጽፎ ነበር። ያው ቃል በመኪና አምራቾች ማኅበር የተዘጋጀና አባላቱ ሁሉ የሚጠቀሙበት ስለነበር ገዢው ወደ ሌላ ሻጭ ቢሄድም የተለየ ውል አያገኝም ነበር። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን የኃላፊነት መገደቢያ ከሕዝብ ጥቅም ጋር ይቃረናል ሲል ዋጋ አሳጣው።

ፍርዱ የተሰጠው በ1960 እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን ነው። ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ አንዱ ከሌላው አልቀዳም። ሆኖም የኒው ጀርሲ ዳኞች በረጅም ሐተታ ከደረሱበት ነጥብ አንዱን ክፍል የእኛ ሕግ በቁጥር 1686 በአጭሩ አስቀምጦታል፦ አንዱ ተዋዋይ ለንግዱ የሚጠቀምባቸው አጠቃላይ የውል ቃሎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት ዐውቋቸው የተቀበላቸው እንደሆነ፣ ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ እንደሆነ ነው።

ይህ ድንጋጌ ለእኔ ጉዳይ ምን ይጠቅም ነበር? ኩባንያው የጠቀሰው የ«አያያዝ» ገደብ ያለው በግዢ ውሉ ላይ ሳይሆን በዋስትና መጽሐፉ ውስጥ ነው። መጽሐፉን የተረከብሁት ሙሉውን ክፍያ ፈጽሜ፣ ሊብሬው በስሜ ከዞረ በኋላ፣ ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ገዢው ፈርሞ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ የሚያነበው ገደብ የውሉ አካል ነው ወይ? አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ በመልስ ደብዳቤዬም ይህንኑ ጻፍሁ። የቀድሞ ተማሪዬ ግን እንግሊዝኛ ለማያነብ ገዢ የሚስማማውን ክርክር ለሕግ ዶክተር ማቅረብ አስቸጋሪ መሆኑን በጨዋ ቋንቋ አስታወሰኝ። መቼም መልስ አላጣም።

ዋናው ነጥብ ግን የማስረዳት ሸክም ነው። በቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው የግዴታውን መኖር ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚለው ደግሞ ይህን ማስረዳት የእርሱ ፋንታ ነው። እኔ የዋስትናውን ውልና በዋስትናው ዘመን የተበላሸውን ካምቢዮ አሳይቻለሁ። ብልሽቱ በእኔ አያያዝ መጣ የሚለው ኩባንያው ነው። የሁለት ዓመት ዋስትና ማለት በእነዚህ ሁለት ዓመታት ለሚታይ ብልሽት ሻጩ ቀድሞ መልስ ይሰጣል ማለት ካልሆነ፣ ገዢው ከመጀመሪያውም ሕጉ ከሚሰጠው በላይ ምን ገዛ?

ኩባንያው በበኩሉ ወተት የመሰለውን ዘይት አቀረበ። ጠንካራ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ነሐሴ ላይ የገባ ውሃ ጥር ላይ ለጀመረ መንገጫገጭ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፦ ካምቢዮው ከጎርፉ በፊት ታሞ ነበር ወይ? ይህን ሊመልስ የሚችለው የሰርቪስ ካርድ በኩባንያው ግቢ፣ በኩባንያው ሠራተኛ፣ በኩባንያው ብዕር የተጻፈ ነው። ገዢው የተናገረው ሁሉ በተቀባዩ ፈቃድ ላይ ሆኖ ይመዘገባል ወይም ይቀራል። በኋላ ደግሞ ያ ያልተመዘገበው ነገር «አልተነገረም» ተብሎ በራሱ በገዢው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ለዛሬ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ ይኸው ነው። ካርዱን ብቻውን የሚጽፈው ወገን በካርዱ ዝምታ ሊጠቀም አይገባም። የካቲት ላይ ካምቢዮውን ለመመርመር ዕድሉም፣ መሣሪያውም፣ ባለሙያውም የነበረው ኩባንያው ነው። ያኔ ባለመመርመሩ ዛሬ የሁለቱን ምክንያቶች ድርሻ መለየት ካልተቻለ፣ አለመቻሉ የሚያስከትለውን ጉዳት መሸከም ያለበትም እርሱ ነው።

ክርክሬ በዚህ ብቻ ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ያዳነችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ለዚያ ልጅ በቴሌግራም ምንም አልጻፍህለትም?» አለችኝ። ስልኬን ወስዳ ስትፈልግ በየካቲት የሰርቪሱ ዕለት ማታ የላክሁትን አገኘች፦ «መኪናዋን ወስጃለሁ፣ አመሰግናለሁ። ያ የነገርሁህ የካምቢዮ መንገጫገጭ ግን ዛሬም አለ።» ከሥሩ የተቀባዩ መልስ አለ፦ «እሺ ዶክተር፣ በሚቀጥለው እናየዋለን።» ይህን ስጽፍ ስለ ቁጥር 2292 አላሰብሁም ነበር፤ ምስጋና ለማቅረብ ነበር የጻፍሁት። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ዘመን እንዲህ ያለ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ወደ ጎን አይጣልም። መልእክቱን አትሜ ከደብዳቤዬ ጋር አያያዝሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተስማማን። የካምቢዮውን መለዋወጫ ኩባንያው ቻለ፤ የእጅ ሥራውንና የክሬኑን እኔ ከፈልሁ። መኪናዋ በጠቅላላው አሥራ አንድ ሳምንት ቆማለች። በእነዚያ ሳምንታት የብድሩ ክፍያ ከደመወዜ መቆረጡን አላቆመም፤ ባለቤቴም በታክሲ ሰልፍ ላይ ሆና ስለ «አዲሷ መኪና» ከጎረቤት ለሚቀርብላት ጥያቄ መልስ ትፈልግ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረብህ፣ ጥሩ ፍርድ ይወጣው ነበር ብለው ወቅሰውኛል። ምናልባት ልክ ናቸው። ነገር ግን ጎርፉን አልረሳሁትም። ዳኛው ፊት ቆሜ ውሃ ውስጥ ነድተሃል ወይ ብባል ነድቻለሁ ማለቴ አይቀርም ነበር። የእጅ ሥራውን ዋጋ ስከፍል የከፈልሁት ለዚያች ምሽት ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

ለተማሪዎቻችን አንድ የምርምር አቅጣጫ ልጠቁም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ገዢው በዝቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የአምራቹ ወኪል ባልሆኑ አስመጪዎች በኩል የሚገቡ ናቸው። የአምራቹ ዋስትና ደግሞ ብዙ ጊዜ መኪናው በተሸጠበት አገር የታጠረ ነው። ባትሪው ቢደክም ገዢው ፋብሪካውን ትቶ ወደ አስመጪው መዞሩ ነው። እዚያም የሚጠብቀው ቁጥር 2287ና ተከታዮቹ፣ እንዲሁም በቁጥር 2298 የተቀመጠው ካሳወቀበት ቀን አንሥቶ የሚቆጠር የአንድ ዓመት ክስ ማቅረቢያ ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ሕግ ዓመት ለዓመት ቀስ እያለ አቅሙን ስለሚያጣ ባትሪ ምን እንደሚል፣ «ጉድለት»ና «እርጅና» የት ላይ እንደሚለያዩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ቢመጣ በደስታ አማክረዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መኪናዋን ለሰርቪስ ወስጄ ነበር። ተቀባዩ ካርዱን ጽፎ እንድፈርም ሲያቀርብልኝ ብዕሩን ተቀብዬ ከግርጌው በእጄ ሁለት መስመር ጨመርሁ፦ ከፊት በግራ ጎማ በኩል ድምፅ አለ፤ በቃልም ተነግሯል። ቅጂም ጠየቅሁ። ልጁ ፈገግ ብሎ «ዶክተር፣ አያምኑንም እንዴ?» አለኝ። አምናችኋለሁ፣ ቅጂውን ብቻ ስጠኝ አልሁት። የቅጂ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ወጣሁ።