ጉርድ ፎቶውን ማን ያንሳው?



በወረቀቱ የቀበሌ መታወቂያ ዘመን አጭበርባሪው የሌላውን ፎቶ ልጦ የራሱን ይለጥፍ ነበር። ማኅተሙ ግማሹ በፎቶው፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ የሚያርፈውም ለዚሁ ነው። የዛሬው አጭበርባሪ ምንም አይልጥም። የሁለት ሰዎችን ፊት በኮምፒውተር አዋሕዶ ሁለቱንም የሚመስል አንድ ጉርድ ፎቶ ይሠራል፤ አንዱ መታወቂያ ያወጣበታል፣ ሁለቱም ይገለገሉበታል። የፊት መለያ ማሽኑም ሁለቱን ያሳልፋል።

የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አደጋ በ2014 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመን አንድ የተቃውሞ ቡድን የአባሉን ፊት ከወቅቱ የአውሮፓ ኅብረት ባለሥልጣን ከፌዴሪካ ሞገሪኒ ፊት ጋር አዋሕዶ እውነተኛ ፓስፖርት አወጣበት።

የተዋሐደ ፎቶ ምልክት አለው፦ በጸጉር ዳር እንደ ጥላ የሚታይ ድርብ መስመር፣ በሁለቱ ዓይኖች የማይመሳሰል የብርሃን ነጸብራቅ፣ ያለ ልክ የለሰለሰ ቆዳ። ችግሩ፣ ፎቶ ቤቶቻችን ቆዳ ማለስለስ ልማዳቸው ነው፤ ደንበኛውም ይወድላቸዋል! ፎቶው ታትሞ እንደገና ስካን ሲደረግም ብዙው ምልክት ይጠፋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2025 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ፎቶውን ብቻውን የሚመረምር ሶፍትዌር የሠለጠነበትን የማዋሐጃ ዘዴ እስከ 100 በመቶ ሊይዝ ይችላል፤ አዲስ ዘዴ ሲገጥመው ግን ውጤቱ ከ40 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ባለቤቱ ቀርቦ በቦታው ከተነሣው ፎቶ ጋር የሚያነጻጽሩት ሶፍትዌሮች ደግሞ ከ72 እስከ 90 በመቶ ይይዛሉ።

ስለዚህ ከመመርመሪያው ሶፍትዌር ይልቅ እኔ የማምነው ምዝገባውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ «ፎቶ ይዛችሁ ኑ» አይልም፤ ፊትን፣ የአሥር ጣት አሻራንና የሁለቱን ዓይን ምስል መዝጋቢው ራሱ እዚያው ያነሣል። ጀርመንም የወረቀት ጉርድ ፎቶ ለፓስፖርት መቀበል ያቆመችው በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ነው።

ከውጭ የሚገዛ የፊት መለያ ማሽን ደግሞ በእኛው ፊት ላይ ይፈተን። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ የፊትን ጾታ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው 1 በመቶ እንኳ አልሞላም።

የቀበሌ፣ የባንክና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ባለጉዳዩን «ጉርድ ፎቶ አምጣ» ማለቱን ተዉና በራሳችሁ ካሜራ፣ ከፊታችሁ አቁማችሁ አንሡት። የፎቶ ቤት ልጆችም «ከወንድሜ ጋር አዋሕደህ አንድ ጉርድ ሥራልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ገንዘቡን መልሱለት።