አስታማሚ ውጪ!



መቀመጫ አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ እናቶች ይታዩኛል። ዛሬ ለሚመረቁት ልጆቻችሁ የምናገረው ስለ እናንተ ነው።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመንግሥት ሆስፒታል፣ በሕፃናት ዋርድ ነው። ተመራቂዎች በተግባር ልምምዳችሁ ኖራችሁበታልና ዋርዱን ላስተዋውቃችሁ አልሞክርም። በአንድ አልጋ ሁለት ሕፃን፣ ለአምስት ልጅ የሚከፋፈል አንድ የኦክስጅን ማሽን፣ መብራት ሲጠፋ ወደ ሲሊንደሩ የሚሮጥ ነርስ፣ «ከውጭ ግዢ» ተብሎ እናት እጅ ላይ የሚቀመጥ የመድኃኒት ወረቀት። ስለዚህ እጥረት ብዙ ተብሏል፤ ገናም መባል አለበት፤ በጀት ያላቸው ሰዎች እስኪሰለቻቸው ድረስ ንገሯቸው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ያልጎደለንን ነገር ነው። እጃችን ላይ እያለ በየማለዳው ወደ ውጭ የምናስወጣውን።

በብዙ ዋርዶች ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥበቃው በሩ ላይ ብቅ ይላል። «አስታማሚ ውጪ! ሐኪሞች ሊገቡ ነው!» እናቶች ፔርሙዛቸውን አልጋ ሥር ይሸጉጣሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። እኛ ነጭ ጋውናችንን ለብሰን ለራውንድ እንገባለን። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ልጇን ስትጠብቅ ያደረችውን ሴት ውጭ አስቀምጠን፣ ልጁ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ካርዱን እንጠይቃለን።

ገና ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ፣ በምሠራበት ሆስፒታል፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ ተኝቶ ነበር። ክብደቱ 6 ኪሎ አይሞላም። ኤፍ 75 የሚባለውን ወተት በአፍንጫ ቱቦ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይወስዳል። አንድ ጠዋት ሲመዘን ከትናንቱ በ400 ግራም ጨምሮ አገኘነው። ደስ አለን። ካርዱ ላይ «እየተሻለው ነው» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ተምራችሁታል፤ እንዲህ ያለ ልጅ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ሥጋ አይለብስም። የጨመረው ውኃ ነበር። ሌሊት የተሰቀለለት ጉሉኮስ መቆጣጠሪያው ላልቶ በፍጥነት ወርዷል፤ በረኃብ የሳሳ ልብ ደግሞ ያን ያህል ፈሳሽ መግፋት አይችልም። እናቱ ሁሉንም አይታለች። ጉሉኮሱ ቶሎ ማለቁን፣ ንጋት ላይ ትንፋሹ መፍጠኑን፣ የዓይኑ ቆብ ማበጡን። «ዶክተሩን ላናግረው» ብላ ጥበቃውን ለምናዋለች፤ «ራውንድ ሲያልቅ» ብሏታል። ራውንዱ ሲያልቅ እኔ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተጠርቼ ሄድኩ። ልጁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዐረፈ።

ማታ ላይ ደረጃው ሥር አገኘችኝ። «ዶክተር፣ ቀድሜ ብነግራችሁ ኖሮ ይተርፍልኝ ነበር?» አለችኝ። ጥፋቱን ወስዳ ራሷ ላይ ጭናዋለች። «አንቺማ ልትነግሪን ነበር፤ በሩን የዘጋንብሽ እኛ ነን» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «እግዜር ያጽናሽ» ብያት አለፍኩ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ያን ቀን ሳልናገረው የቀረሁትን ዛሬ እናንተ ፊት ነው የምናገረው።

እናትን ወደ ውስጥ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ የታየባቸው ቦታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም እንደኛው የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ አጥሯቸው ነበር። በአንድ ማሞቂያ ከአንድ በላይ ጨቅላ ይተኛል፣ ኢንፌክሽን ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛመታል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት አውጥተው እናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አሰሯቸው። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ከዚያ ተነሣ። አገራችንም ዳር ቆማ አላየችም፤ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ገና ከጅምሩ እናታቸው ደረት ላይ ከታሰሩት ጨቅላዎች በሕይወት የተረፉት በተለመደው መንገድ ከታከሙት እንደሚበልጡ አሳይቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ነው። በጋና፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በሕንድ ሆስፒታሎች ከ3,200 በላይ ጨቅላዎች የተካተቱበት ጥናት ነበር። እስከዚያ ድረስ «መጀመሪያ ሕፃኑ ይረጋጋ፣ ከዚያ ለእናቱ ይሰጥ» ነበር ሕጉ። እነሱ የእናትን አልጋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ ከማሽኖቹ ጎን አስገቡት። ሕፃኑ ሳይረጋጋ፣ እንደተወለደ፣ ደረቷ ላይ። ሞት በሩብ ቀነሰ። ጥናቱን መቀጠል በተለመደው መንገድ የሚታከሙትን ሕፃናት መበደል ስለሆነ ከታሰበው ጊዜ አስቀድሞ ተቋረጠ። ሩብ! አስታማሚን ወደ ውስጥ በማስገባት የተገኘ ሩብ።

ይህን ለምን አጥብቄ እንደምናገር ቁጥሮቹን ስታዩ ይገባችኋል። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ወደ 67 ወረደ። ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሳንባ ምችና የተቅማጥ ክትባቶች ብዙ ልጅ አትርፈውልናል፤ ክብር ይገባቸዋል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን በዚያው ጊዜ ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሱት። ጨቅላ ልጅ ክትባት እስኪደርስለት አይጠብቅም። የሚጠፋው በደቂቃዎች ነው፤ በየደቂቃው የሚያየው ዓይን ያስፈልገዋል። ያ ዓይን ደግሞ ለሃያ ሕፃን የተመደበችው አንዲት ተረኛ ነርስ ሊሆን አይችልም።

እናት እንድትናገር ከፈለግን አንድ ነገር ልጨምር። «ለምን እስካሁን አቆየሽው?» የሚለውን ጥያቄ ከአፋችሁ አውጡት። ጥያቄ አይደለም፣ ቁጣ ነው። ዶሮዋን ሸጣ ለመኪና የከፈለች እናት መልሱን አትነግራችሁም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከነጭራሹ አትመጣም።

አሁን እኔ በምሠራበት ዋርድ የሆስፒታሉ አናጢ ከተረፈ ጣውላ በርጩማዎች ሠርቶልናል። በራውንድ ሰዓት እናት በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ መጀመሪያ የምትናገረውም እሷ ናት። ራውንዱ ይረዝማል፤ አልክድም። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት፣ 1,300 ግራም ሆኖ የተወለደ ልጇን ደረቷ ላይ ያሰረች የ19 ዓመት እናት ጋ ደረስን። ሬዚደንት ሐኪሙ ካርዱን ሳይገልጥ «እህቴ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» አላት።

«ሁለቴ ትንፋሹ ጠፋብኝ» አለች። «አንዴ ዶሮ ሲጮኽ፣ አንዴ ሊነጋጋ ሲል። ጀርባውን ሳሸው ተመለሰ።»

ካርዱ ላይ አልነበረም። ትንፋሽ የሚያነቃቃውን መድኃኒት እዚያው ጀመርንለት። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመነሣቴ በፊት ሲመዘን 1,420 ግራም ሆኗል። ቁጥሩን ከበር ላይ ጠርታ የነገረችኝ እሷ ናት።