ያዋጣች ትወስን፦ የእናቶች የልገሳ ማኅበርና የሦስት ዓመት ዕቅዱ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ስልታዊ ዕቅድ» የሚል ነው። ቃሉ የቢሮ ቃል ስለሆነ ብዙዎቻችን ከወፍራም ጥራዝና ከሰንጠረዥ ጋር እናያይዘዋለን። እኛ ግን ነገሩን ሁላችን ከምናውቀው ጉዳይ አንሥተን ማየት መርጠናል፤ ይኸውም እናቶች በጋራ አዋጥተው በጋራ የሚሰጡት ገንዘብ ነው።

በኅብረት ማዋጣት ለአገራችን ሴቶች እንግዳ አይደለም። ዕድሩ ለሐዘን ቀን ይደርሳል፤ ዕቁቡ ለየራስ ጉዳይ ይውላል፤ ማኅበሩና ሰንበቴው ዝክሩን ይዘክራል፣ ነዳያንንም ያበላል። ሆኖም የዝክሩ ማዕድ የዕለት ነው፤ የዕድሩና የዕቁቡ ገንዘብም ተመልሶ የሚደርሰው ለአዋጪዎቹ ነው። እናቶች ከአባላቱ ውጭ ያለውን ችግረኛ ለዓመታት ለመደገፍ ሲነሡ ግን ሁለት አዳዲስ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ለማን ይሰጥ? ማንስ ይወስን?

በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናንሣ። በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ ዌንዲ ስቲል የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ2001 «ኢምፓክት 100» የተሰኘ ማኅበር መሠረቱ። አሠራሩ ግልጽ ነው። ቢያንስ 100 ሴቶች በዓመት እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበው 100,000 ዶላር ሳይሸራረፍ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። አባላቱ በኮሚቴ ተከፋፍለው የድርጅቶቹን ማመልከቻ ይመረምራሉ፤ ሥራው ካለበት ቦታ ድረስ ሄደው ያያሉ፤ ለመጨረሻው ዙር ያለፉት በዓመታዊው ጉባኤ ፊት ቀርበው ያስረዳሉ። ከዚያም እያንዳንዷ ሴት አንድ ድምፅ ትሰጣለች። ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞችና በአውስትራሊያም ጭምር ይሠራበታል።

ይህን ያነሣነው የገንዘቡ ብዛት እንዲያስደንቀን አይደለም። ቁም ነገሩ ሦስት ውሳኔዎች ናቸው፤ ድምፅ እኩል መሆኑ፣ ገንዘቡ አለመበታተኑ፣ ሳይታይም አለመሰጠቱ። ሦስቱም የተወሰኑት አንድ ዶላር ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ስልታዊ ዕቅድ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው፤ ገንዘብ እጅ ሳይገባ፣ ልመናም ደጅ ሳይደርስ አስቀድሞ መወሰን። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል።

አሁን ወደ አጥቢያችን እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። እናቶች ያዋጣሉ፤ በመካከሉ የአጥር ሥራ ይጎድላል፣ ክብረ በዓል ይደርሳል፣ እንግዳ ይመጣል፤ «ለጊዜው ከእናቶች ካዝና ይወሰድ» ይባላል። ጥያቄው በቅንነት የሚቀርብ ነው፤ እናቶችም እምቢ ማለት ያሳፍራቸዋል። በዓመቱ ፍጻሜ ሲታይ ገንዘቡ ለክፉ ነገር አልዋለም፤ የታሰበው ሥራ ግን አልተሠራም። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮው ሲያንስ «እናቶች ሰነፉ» እንላለን። የቀነሰው ግን ልግስናቸው ሳይሆን መተማመናቸው ነው።

እስኪ በቁጥር እንየው። 60 እናቶች በወር 100 ብር ቢያዋጡ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ይህ ለ60 ችግረኞች ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 1,200 ብር ይደርሰዋል፤ ወዲያውም ያልቃል። ዕቅድ ያለው ማኅበር ግን 7,200 ብር ለድንገተኛ ችግር ያስቀምጣል፤ 4,800 ብር ለመጓጓዣና ለጽሕፈት መሣሪያ ይመድባል፤ በቀሪው 60,000 ብር 12 ችግረኛ ተማሪዎችን በዓመት በ5,000 ብር ይደግፋል። 6ኛ ክፍል ላይ የተቀበላቸውን ልጆች ሦስት ዓመት ቢጸናላቸው የ8ኛ ክፍልን ፈተና እስኪወስዱ አብሯቸው ይደርሳል። የመዋጮው ልክ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውሳኔው ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ አምስት ጥያቄዎችን ቢመልስ በቂ ነው እንላለን፤ ሁለት ገጽም አይሞላም።

አንደኛ፣ ለማን? ለሦስት ዓመት የሚጸና አንድ ዓላማ ይመረጥ።

ሁለተኛ፣ ማን ይወስናል? ሊቀ መንበሯም፣ የካህኑ ባለቤትም፣ በጉሊት የምትተዳደረውም አንዳንድ ድምፅ ይኑራቸው። የመዋጮው ልክ ከሁሉ ያነሰ ገቢ ባላት እናት አቅም ይተመን። መጨመር የምትችል ትጨምር፤ ድምፅ ግን አይጨመርላትም። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ካሉ በተሸፈኑ ማሰሮዎች ውስጥ የባቄላ ፍሬ በመጣል ድምፃቸውን በምሥጢር መስጠት ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ምን አንሠራም? ገንዘቡ ለሕንፃና ለበዓል ወጪ እንደማይውል በጽሑፍ ይስፈር። በቃል እምቢ ማለት ለሚያሳፍራት እናት ጽሑፉ ይናገርላታል።

አራተኛ፣ የሥራው ወጪ ከየት ይመጣል? ልጆቹን ሄዶ ለማየት መሳፈሪያ፣ ሒሳብ ለመያዝ መዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ያልመደበ ማኅበር ወይ ከጥቂት እናቶች ኪስ ያወጣል፣ ወይ ክትትሉን ይተዋል።

አምስተኛ፣ መሥራቱን በምን እናውቃለን? በየዓመቱ ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋ፤ ከአመራሩ ውጭ የሆኑ ሁለት እናቶች ይመርምሩት፤ ስንት ልጆች ትምህርታቸውን እንደቀጠሉና እንዳቋረጡ ለአባላቱ ሁሉ ይነገር።

«የአጥቢያው ገንዘብ ሁሉ በሰበካ ጉባኤ ሥር መሆን የለበትምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ደረሰኝ፣ መዝገብና ምርመራ በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ መሠረት ሊኖሩ ግድ ነው። ነገር ግን መቆጣጠር ሌላ፣ መወሰን ሌላ ነው። ሰበካ ጉባኤው ገንዘቡ ለተወሰነለት ዓላማ መዋሉን ይቆጣጠር፤ ዓላማውን ግን ያዋጡት ይወስኑ። ካህናት አባቶችም «ለጊዜው ይወሰድ» የሚል ቃል በተነሣ ጊዜ ከእናቶች ጎን ብትቆሙ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል።

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 8 ጌታን በገንዘባቸው ያገለገሉትን ሴቶች በስም ጠቅሶ ጽፎልናል። እኛ ግን በየአጥቢያችን የእናቶችን ገንዘብ እንጂ ስማቸውንና ድምፃቸውን በቃለ ጉባኤ ስናሰፍር እምብዛም አንታይም። ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ከእናቶች ጋር ተቀምጣችሁ ከአምስቱ ጥያቄዎች በሁለተኛው እንድትጀምሩ በትሕትና እናሳስባለን። እርሱ ሲመለስ ሌሎቹን እናቶች ራሳቸው ይመልሷቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።