ስለ አንድ ሰብሳቢ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ለመታሰቢያ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው ጦር የመሩ ወይም አዋጅ ያወጡ አይደሉም። የመጻሕፍት ቤት ሹም ነበሩ፤ ፍቅራቸው ደግሞ የጥንት ዕቃና ሥዕል መሰብሰብ ነበር። ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ይባላሉ። ፖላንዳዊ ናቸው፤ በ1915 በሪጋ ተወለዱ፤ በ1950 ወደ አገራችን መጥተው በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጻሕፍት ቤት ሥራ ጀመሩ። ያረፉት በ2010 በካናዳ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል በዓይኑ ያያቸው የለም። እኔም ስለ እሳቸው ለመናገር የደፈርሁት በዚያ ዘመን በነበሩት ተማሪዎች ስለምቀና ነው። በ1950ዎቹ በኮሌጁ ውስጥ የሕዝብ ባህል የሚያጠና ማኅበር ነበር። ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር፤ ከጽሑፉም ጋር ዕቃው ይሰበሰብ ጀመር። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በስድስት ኪሎ ሲቋቋም ያ ክምችት ለቤተ መዘክሩ መሠረት ሆነ፤ ጠባቂውም እሳቸው ሆኑ። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ገንዘብ እያዋጣ ቅርስ ወደ ውጭ ሳይወጣ ይገዛ ነበር።

ቴምብር የሚሰበስብ ጓደኛ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰብሳቢ ያለውን ማሳየት እንጂ መስጠት አይወድም። እሳቸው ግን ድካማቸውን ለሁላችን ቤት አደረጉት።

ደግሞስ እንዴት ያለ ዓይን ነበራቸው! የእመቤታችንን ሥዕል አስቡ። በብዙዎቹ ላይ እጆችዋን አመሳቅላ፥ ልጅዋን አቅፋ፥ በእጅዋ መሐረብ ይዛ ትታያለች። የዚህ አሣሣል ምንጭ በሮም ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው፤ ቅጂውን ወደ እኛ ያመጡት በ1600 ገደማ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ናቸው። እንግዲህ በዚህ አኳኋን የተሣለች እመቤታችንን ያየ ሰው፥ ሥዕሉ ከዚያ ዘመን በፊት እንዳልተሠራ ይረዳል። የእኛም ሠዓሊ እንዳለ አልገለበጠውም፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዞ በግራና በቀኝ አቆመላት። ኾይናትስኪ በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ይከታተላሉ። የተቋሙ ሥዕሎች ዝርዝርም በ2000 በእሳቸው እጅ ታትሞአል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ላልፍ አልፈልግም። በነጋዴ እጅ ያለፈ ሥዕል ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ አይናገርም፤ ታሪኩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። «ሥዕል ከደብሩ መውጣት የለበትም» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከሱቅ የደረሰ ሥዕል ወደ ደብሩ አይመለስም ነበር፤ ወይ ቤተ መዘክር ይገባል፥ ወይ በመንገደኛ ሻንጣ ባሕር ይሻገራል። ከሁለቱ የትኛው ይሻል እንደ ነበረ ለመፍረድ ብዙ መመራመር አያሻም።

እኛ ግን ሳንገዛም ሳንነካም መሰብሰብ እንችላለን። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ትምህርት ተዘግቶ ወደየቤታችን ስንሄድ፥ እያንዳንዳችን የአንድ አሮጌ ዕቃ ስም በአገሬው አጠራር፥ የሠራውን ሰውና ያለበትን ቦታ ጽፈን እንምጣ። መሶብም ይሁን፥ በገናም ይሁን፥ የጋን መክደኛም ይሁን። ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።