የወጣቶች የመኪና እሽቅድምድምና «ቁም» የማለት ኀላፊነት



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ መኪና እሽቅድምድም ነው። ከመካከላችሁ «ቀኑን ሙሉ ከዶሴ ጋር ለምንውል ሰዎች የአውሮፓ ልጆች ሩጫ ምን ይፈይድልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የተካሄደው የአውሮፓ ወጣት ነጂዎች ውድድር፥ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ አንዱን ልጅ ለክብር፥ ሌላውን ልጅ ለመቃብር ያበቃ ስለ ሆነ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊነት ለተሸከመ ሰው ሁሉ የሚነግረው ቁም ነገር አለው። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ጆሮአችሁን እንድታውሱኝ እለምናችኋለሁ።

አስቀድሜ የውድድሩን ምንነት ልግለጽ። በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የመኪና እሽቅድምድም ፎርሙላ አንድ ይባላል። ወደዚያ ለመድረስ የሚመኝ ልጅ ግን እንደ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል ማለፍ አለበት። በሕፃንነቱ ካርት በምትባል ትንሽ መኪና ይጀምራል፤ 15 ዓመት ሲሞላው ወደ ፎርሙላ አራት ለመግባት ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በኋላ ፎርሙላ ሪጅናል ይመጣል፤ ከዚህም በላይ ፎርሙላ ሦስትና ፎርሙላ ሁለት አሉ። ሪጅናል መባሉ ውድድሩ ዓለምን ሳይዞር በአንድ አካባቢ በሚገኙ አገሮች ስለሚካሄድ ነው። የአውሮፓው በ2019 ተጀመረ፤ በ2021ም ፎርሙላ ሬኖ ከሚባለው ከቀድሞው የወጣቶች ውድድር ጋር ተዋሐደ።

መኪናዪቱ መቀመጫዋ አንድ ብቻ ነው፤ ጣሪያ የላትም፤ ጎማዎቿም ያለ መከለያ በውጭ ይታያሉ። ከነጂው ራስ በላይ «ሃሎ» የሚሉት ጠንካራ የብረት ቅስት አለ። በ2023 የሁሉም መኪና አካል ታቱስ ከተባለው ከኢጣልያ ፋብሪካ የወጣ፥ የሁሉም ሞተር 270 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው የአልፒን ሞተር፥ የሁሉም ጎማ ፒሬሊ ነበር። ይህም የተደረገው ልጆቹ በመሣሪያ ብልጫ ሳይሆን በገዛ ችሎታቸው እንዲመዘኑ ነው። እርግጥ አንዱን የውድድር ዘመን ለመፈጸም ብዙ መቶ ሺህ ዩሮ ስለሚያስፈልግ፥ ችሎታ ኖሮት ገንዘብ ያጣ ልጅ ከበሩ ላይ ይቀራል። በበሩ ያለፉት ግን በአንድ ዓይነት መኪና ይሽቀዳደማሉ።

የ2023ቱ ውድድር በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኢጣልያ በኢሞላ ተጀምሮ፥ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በጀርመን በሆከንሃይም ተፈጸመ። በመካከሉ ነጂዎቹ በስፔን፥ በሀንጋሪ፥ በቤልጅግ፥ በፈረንሳይ፥ በኦስትሪያና በሆላንድ፥ ደግመውም በኢጣልያ ተሽቀዳድመዋል። የውድድሩ ቦታ በጠቅላላው አሥር ሲሆን፥ በየቦታው ግማሽ ሰዓት ያህል የሚቆይ ሁለት ሁለት ውድድር እንዲደረግ ተደንግጎ ነበር።

አሁን ወደ ነጥቡ አቈጣጠር እንምጣ። አንደኛ የወጣ 25፥ ሁለተኛ 18፥ ሦስተኛ 15 ነጥብ ያገኛል፤ እንዲህ እያለ ዐሥረኛው አንድ ነጥብ ይደርሰዋል። እስቲ ይህን ሒሳብ አስተውሉት። አንድ ቀን በድንቅ አነዳድ አሸንፎ፥ በሚቀጥሉት ሁለት ውድድሮች ግን ተጋጭቶ የወጣ ነጂ 25 ነጥብ ይዞ ይቀራል። በሦስቱም ውድድር ሦስተኛ የወጣው፥ ማንም ያላጨበጨበለት ሰው፥ 45 ነጥብ ይኖረዋል። ስለዚህ የውድድር ዘመን የሚከብረው ጀግንነቱን አንድ ቀን አሳይቶ ለሚጠፋ ሳይሆን፥ ሥራውን በየሳምንቱ ሳያጓድል ለሚፈጽም ሰው ነው።

የዚያ ዓመት ሻምፒዮን አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ የሚባል የቦሎኛ ልጅ ነበር። ፕሬማ ለተባለው የኢጣልያ ቡድን ይነዳ ነበር፤ ውድድሩ ሲጀመር ዕድሜው 16 ዓመት ብቻ ነበር። ከውድድሮቹ የሚበዙትን ያሸነፉት ሌሎች ናቸው፤ እርሱ ግን ማሸነፍ ባልቻለበት ቀን የሚገኘውን ነጥብ ሳይንቅ እየለቀመ፥ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር፥ በሆላንድ በዛንድቮርት ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው። በፎርሙላ አንድ ለመንዳት የሚያበቃውን ፈቃድ ለማግኘት በሦስት ዓመት ውስጥ 40 የፈቃድ ነጥብ ይጠየቃል፤ የዚህ ውድድር ሻምፒዮን ከዚያ ውስጥ 25ቱን በአንድ ዓመት ያገኛል። አንቶኔሊም በ2025፥ በ18 ዓመቱ፥ ለመርሴዲስ ቡድን በአውስትራሊያ የመጀመሪያውን የፎርሙላ አንድ ውድድር ነድቶ አራተኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም በካናዳ ሦስተኛ ሆኖ ከአሸናፊዎች መድረክ ላይ ቆመ።

ክቡራን አድማጮች፥ ነገሩ በዚህ ቢፈጸም ኖሮ፥ የትጋት ምሳሌ ነው ብዬ ባበቃሁ ነበር። ዳሩ ግን የዚያው ዓመት ውድድር ሌላ ገጽ አለው።

በቤልጅግ አገር፥ አርደን በሚባለው ደናማ ኮረብታ ላይ፥ ስፓ ፍራንኮርሻን የሚባል የእሽቅድምድም መንገድ አለ። ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ኦ ሩዥ ከተባለው ሸለቆ ተነሥቶ ሬዲዮን በሚባለው ዳገት ሽቅብ ይወጣና፥ ኬመል በተባለው ረጅምና ቀጥ ያለ ጎዳና ላይ ይወድቃል። ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. በስፓ ሁለተኛው ውድድር በዝናብ ተካሄደ። መኪናዎቹ ከጥንቃቄ መኪና ኋላ በዝግታ ሲጓዙ ቆይተው እንደ ገና ለእሽቅድምድም ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ በኬመል ጎዳና ላይ፥ ከፊቱ ያለውን ለማየት ባልተቻለበት የውሃ ጭጋግ ውስጥ፥ የሆላንዱ ነጂ ዲላኖ ቫንት ሆፍ በግጭት ሕይወቱ አለፈ። ዲላኖ በ2021 የስፔን ፎርሙላ አራት ሻምፒዮን የነበረ ወጣት ነው። የሞተው 19 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር።

በሐምሌ ዝናብ ከጭነት መኪና በስተኋላ የነዳ ሰው የዚህን ጭጋግ ጠባይ ጥቂት ሊገምት ይችላል። የፊተኛው ጎማ የሚረጨው ውሃ መስተዋቱን ሲሸፍነው፥ ሰው ወዲያው ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእሽቅድምድም ነጂ ግን መስተዋትም መጥረጊያም የለውም፤ ዓይኑ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፤ ብዙ መኪና በፊቱ ይከንፋል፤ ፍጥነቱን ቢቀንስ ደግሞ በስተኋላው የሚመጣው እርሱን አያየውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰዓት ነጂው ራሱን በጥንቃቄ ብቻ ለማዳን አይችልም። ሊያድነው የሚችለው ከመንገዱ ውጭ ያለ ሰው፥ ይኸውም ቀዩን ባንዲራ አውጥቶ «ቁም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሹም ነው።

በዚያ ቀን የነበሩትን ሹማምንት ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ በቦታው ሳይኖሩ መፍረድ ቀላል ነውና። ነገር ግን በዚያው ስፓ በ2019 አንትዋን ዩቤር የተባለ የ22 ዓመት ፈረንሳዊ በሬዲዮን አጠገብ በፎርሙላ ሁለት ውድድር ሞቶ ነበር። በ2022 የዚያ አካባቢ የመንገድ ዳርቻ እንዲሰፋ ተደረገ፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ዳርቻን ማስፋት ጭጋግን አይገፍም። ከዲላኖ ሞት ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፥ በእንግሊዝ አገር በሲልቨርስቶን፥ ለፎርሙላ አንድ መኪና የተዘጋጀ የጎማ መከለያ ተሞከረ። ብናኙ የሚነሣው ከጎማው ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ወለል ሥርም ጭምር ስለ ሆነ፥ መከለያው ብቻውን አልበቃም። እንግዲህ ጥበብ መድኃኒቱን እስኪያገኝ ድረስ፥ ያለው መድኃኒት በጊዜው «ቁም» ማለት ነው።

ይህችን ቃል ለመናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናስብ። ተመልካች ገንዘብ ከፍሎ ተቀምጧል። ሰዓቱ ተወስኗል፤ ከዚህ ውድድር በኋላ ሌላ ውድድር ይጠብቃል። ወላጆች ብዙ ሀብት አፍስሰዋል። ልጆቹ ራሳቸው ለአንዲት ነጥብ ሲሉ «እንሂድ» ይላሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ውድድሩን ያቆመ ሹም ይታማል እንጂ አይመሰገንም። ሊደርስ የነበረው አደጋ ሳይደርስ ስለሚቀር፥ ማንን እንዳዳነ የሚያውቅ የለም፤ እርሱም ራሱ አያውቅም። የዳነውም ልጅ ሻንጣውን ይዞ፥ «ነጥብ አስቀረብኝ» ብሎ እያጕረመረመ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኛ በየቢሮው የተቀመጥን ሰዎች ከዚህ ሹም ጋር እንመሳሰላለን። የተሰነጠቀ ድልድይ መኪና እንዳያልፍበት የሚያዘጋ መሐንዲስ፥ የተበላሸ መድኃኒት እንዳይሸጥ የሚያግድ ተቈጣጣሪ፥ ሒሳቡ ያልተስተካከለውን ዶሴ አለቃው እየቸኰለ እንኳ የሚመልስ ጸሓፊ፥ ሁሉም ቀይ ባንዲራ ይዘዋል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ሥራ አሰናካይ» ተብለው ይነቀፋሉ። እርግጥ ያለ ምክንያት ባንዲራ የሚያነሣም አለ፤ እርሱ ሥንፍናውን በጥንቃቄ ስም የሚሸፍን ነው። በእውነተኛ ምክንያት የሚያነሣው ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር በሥራ የገለጸ ነው። ስሙም በጋዜጣ የማይወጣው ሥራው ስለ ሠመረለት ነው።

በዚያ ዓመት ውድድሩ ከስፓ በኋላ ቀጠለ፤ በጥቅምትም ዋንጫው ለባለቤቱ ተሰጠ። የአንቶኔሊ ትጋት የሚመሰገን ነው፤ ልጆቻችንም ነጥብ በነጥብ መልቀምን ከእርሱ ቢማሩ መልካም ነው። የዲላኖ ስም ደግሞ ለእኛ ለአዋቂዎቹ ይቅር፤ በፊታችን ጭጋግ ሲወፍርና ከኋላችን «ይለቀቅ፥ ይለቀቅ» የሚል ድምፅ ሲበዛ፥ እጃችን ከባንዲራው እንዳይርቅ ያስታውሰን ዘንድ።