የጎረቤቴ ካብ
(ከኮንሶ የጥናት ጉዞ የተመለሱ ተማሪዎች በወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ለጉዞአችን መዋጮ ስታወጡ፣ «ልጆቹ ድንጋይ ለማየት ነው እንዴ የሚሄዱት?» ያላችሁ ነበራችሁ። እውነት ነው፤ ድንጋይ አይተን ተመለስን። ዛሬ የምንነግራችሁም ስለዚያው ድንጋይ ነው።

ኮንሶ የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። አገሩ ሐሩር ነው። ዝናቡ ትንሽ ነው፤ ሲመጣም ባንዴ ወርዶ ያልፋል። መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አፈር ይቀራል ወይ ብትሉን፣ ሳናየው በፊት አይቀርም እንል ነበር። ግን ቀርቷል። ሕዝቡ ተራራውን ከግርጌው ጀምሮ በድንጋይ ካብ እርከን አድርጎታል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሥራው ከ400 ዓመት በላይ፣ ለ21 ትውልድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይቀመጣል። ከጀርባው ትንንሹ ይጠቀጠቃል። ጭቃም ሲሚንቶም የለውም። ስለዚህ ካቡ አፈሩን ይይዛል፤ ትርፉን ውሃ ግን ያሳልፋል። በእርከኑ ላይ ማሽላ፣ ጥጥ፣ የእርግብ አተርና ሽፈራው ተሰባጥረው ይበቅላሉ። አንዱ ባይሆን ሌላው ይሆናል ማለት ነው። የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ከብት በማሳ አይለቀቅም፤ ታስሮ ይቀለባል፤ ፍጉም ወደ ማሳ ይወሰዳል። ይህን ስንል ኮንሶን ድርቅ አይነካትም ማለታችን አይደለም። ድርቅ ሲበረታ እዚያም ሰው ይራባል። ነገር ግን እርከኑ ባይኖር ኖሮ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራበት አፈር አይገኝም ነበር።

አሁን ደግሞ ያሳፈረንን እንንገራችሁ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ጓደኛችን ፎቶግራፍ ለማንሳት ካብ ላይ ወጣ። ድንጋዩ ተንሸራተተና ሁለት ክንድ ያህል ካብ ተናደ። ባለማሳው ሽማግሌ ከታች ሆነው ያዩን ነበር። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ፣ ምንም ሳይናገሩ መጥተው ድንጋዩን መልቀም ጀመሩ። እኛም ቦርሳችንን ጥለን አብረን ለቀምን። ለመናድ አንድ እርምጃ በቃን፤ ለመካብ ግን እስከ እኩለ ቀን ቆየን። የወደቀው የራሳቸው ካብ መስሎን ይቅርታ ስንጠይቃቸው፣ አስጎብኚያችን እንዲህ ሲል ተረጎመልን፦ «ካቡ የጎረቤቴ ነው። የላይኛው ከተናደ ግን ጎርፉ የታችኛውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የጎረቤቴ ካብ የኔም ካብ ነው።»

ወላጆቻችን ሆይ፣ ከጉዞው ሁሉ ይህን ያህል ያስተማረን የለም።

ኮንሶ ብዙ ጎብኚ ይሄዳል። አስጎብኚዎቹ የአገሩ ልጆች ናቸው። የእኛው አስጎብኚ እንግዳ በሌለበት ቀን ማሳው ላይ ነው የሚውለው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ጎብኚ ሲጠፋ ምን በላችሁ ብለን ብንጠይቀው፣ ማሽላችንን አለን። የጎብኚ ገንዘብ ለእርሻው ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም። ደግሞም እንግዳው የሚመጣው እርከኑን ለማየት ነው፤ እርሻው ከቆመ እርከኑ ይፈርሳል፤ እርከኑ ከፈረሰ ማን ይመጣል?

እንግዳ ሁሉ ደግ ነው ማለትም አይደለም። ኮንሶዎች ለሞቱ ጀግኖቻቸው መታሰቢያ ዋካ የሚባል የእንጨት ሐውልት ይቀርጹ ነበር። ብዙዎቹ ዋካዎች ተሰርቀው ተሸጠዋል። የተረፉትን አንዳንዶቹን ካራት ከተማ ሙዚየም ውስጥ አየናቸው። ከመቃብር ላይ የተነሳ መታሰቢያ ሲታይ ያሳዝናል።

ወደ እኛ ቀበሌ እንምጣ። ሰው ፏፏቴያችንን ለማየት መምጣት ከጀመረ ወዲህ ምን ሆንን? እኛ ልጆቻችሁ ትምህርት እየተውን ብር ስጡን እያልን መኪና እንከተላለን። ይህ የኛ ጥፋት ነው። ከፏፏቴው በላይ ያለው ዳገት ደግሞ እርከኑ ሳይጠገን ቀርቶ ቦረቦር ሆኗል። ክረምት ሲገባ ፏፏቴው ቀይ ጭቃ ነው የሚያወርደው። ያ ጭቃ እኮ አፈራችን ነው! የላይኛው ባለማሳ የኔ አይደለም ይላል፤ የታችኛውም የኔ አይደለም ይላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ከእንግዳ ከሚገኘው ገንዘብ ጥቂቱ ለእርከን ሥራ ይመደብ። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ተባብረን ቦረቦሩን እንካብ። እኛ መኪና መከተሉን ትተናል። ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በታች ድንጋይ እንሸከማለን። አካካቡን ተምረናል፤ ጉልበታችን ግን ብቻውን አይበቃም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

 ቅዳሜ እንጠብቃችኋለን።