ድድ ሲላጥ ምን እናስብ?
(በምሩቃን ማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንዲት ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች ታካሚ መጣች እንበል። ድዷ ቀልቷል፣ በርበሬ ያቃጥላታል፣ ጥርሷን ስትቦርሽ የድዷ ሽፋን ይላጣል። ጥርሷን አሳጥባለች፣ አንቲባዮቲክም ወስዳለች፤ ለውጥ ግን የለም። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በፕላክ የሚመጣ የድድ መቆጣት በጽዳት ይሻላል። ካልተሻለ ላይከን ፕላነስን፣ ፔምፊጎይድንና ፔምፊገስን ማሰብ ግድ ነው።

ሦስቱ በዓይን ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ለመለየት ባዮፕሲ ያስፈልጋል። ታዲያ ናሙናው ከየት ይወሰድ? ከቁስሉ መሃል አይደለም፤ እዚያ ኤፒተሊየሙ ተልጦ ስላለቀ ፓቶሎጂስቱ የሚያየው ነገር አያገኝም። ከቁስሉ አጠገብ፣ ገና ካልተላጠው ሥፍራ ይወሰድ። ናሙናውም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ለኢሚውኖፍሎረሰንስ ምርመራ በሚሼል ፈሳሽ ይቀመጣል። ፎርማሊን የነካው ናሙና ለዚህ ምርመራ አይሆንም። በሚሼል ፈሳሽ ግን ያለ ማቀዝቀዣ ለቀናት ስለሚቆይ፣ ላቦራቶሪው ሌላ ከተማ ቢሆንም መላክ ይቻላል።

በፔምፊጎይድ አንቲቦዲው ከኤፒተሊየሙ ሥር እንደ ቀጭን መስመር ያበራል፤ በፔምፊገስ ደግሞ በሴሎቹ መካከል እንደ ዓሣ መረብ ይታያል። የፔምፊገስን አንቲቦዲ በዚህ ዘዴ ያሳዩት ቦይትነርና ጆርደን በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር።

ልዩነቱ ለስም ብቻ አይደለም። ፔምፊጎይድ ዓይን ውስጥ ጠባሳ እየጣለ ሊያሳውር ይችላል፤ ስለዚህ ታካሚዋ «ዓይኔን አመመኝ» እስክትል ሳንጠብቅ ወደ ዓይን ሐኪም እንላካት። ፔምፊገስም ስቴሮይድ ከመምጣቱ በፊት አብዛኛውን ታማሚ የሚገድል በሽታ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ከአፍ ነው፣ ቆዳ ላይ ከመውጣቱ ወራት ቀድሞ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያገኘው የጥርስ ሐኪም ነው ማለት ነው።

ክሊኒክ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የሚሼል ፈሳሽ ከየት እንደሚገኝና ናሙናው የት እንደሚላክ ታካሚ ሳይመጣ በፊት አጣሩ። መምህራኖቻችንም ተማሪዎቹ ናሙና ከየት እንደሚቆረጥ በእጃቸው እንዲለማመዱ እንድታደርጉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።